የሳሌም ሦስተኛ በርሜል

ስቶክሆልም
ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባቴ፣ እንጅባራ

አባዬ፣ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ቆመው አይጀምሩት።

በመጀመሪያ የጎረቤቴን የሙሉመቤትን ልንገርዎ፤ በጸሎትዎ ያስቧታልና። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ድናለች፤ ደረጃውን ራሷ ትወጣዋለች። ልጇ ባርናባስም ኪስታ የሚባል ሰፈር የኮምፒውተር ሥራ አገኘ። ትናንት ፍልሰታ ነው ብላ ምስር ወጥ ሠርታ፣ በምርኩዟ እያነከሰች ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ድረስ መጣችልኝ። አዎ፣ ሆስፒታል ነኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የተኛችው የልጅ ልጅዎ ሳሌም ናት። በሕይወት አለች፤ ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ሳሌም ፈረስ ትጋልባለች ብዬ የጻፍኩልዎ ጊዜ ለአገሩ ሁሉ አወሩ አሉ። እኔም ደስ እንዲልዎ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነበር የምጽፈው። ሦስት በርሜል ሜዳ ላይ ያቆማሉ፤ ፈረሰኛዋ በሽምጥ ገብታ ሦስቱንም ዞራ ትወጣለች፤ የፈጠነች አሸነፈች። ቢበዛ አሥራ ሰባት ሴኮንድ ነው፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አያስደግም። ለዚያች ግን ልጄ አራት ዓመት ፋንድያ ዛቀች። የራሷ ፈረስ የላትም፤ ጋጣውን ስለምታጸዳላት ነው አሰልጣኟ አኒካ የምታስጋልባት። በብርዱ ወራት የፈረሶቹን ውኃ በረዶ በመዶሻ ትሰብራለች። ቅልጥሟ ከበርሜሉ ጠርዝ ጋር እየተላተመ ጠቁሮ ቀርቷል። አንዴማ የአውራ ጣቷን ጥፍር ገመድ ነቅሎት፣ በፕላስተር አስራ ጋልባ መጣች። ስጮህባት «ይለመዳል» ትለኛለች በስዊድንኛ። አማርኛ ትሰማለች እንጂ በአማርኛ አትመልስልኝም።

ቅዳሜ ውድድር ነበራት። እኔ አረጋውያን ከምንከባከብበት ሥራ አልላቀቅም፣ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ለእርስዎ ልልክ ብዬ በስልኬ እየቀረጽኩ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለው፤ እርስዎ ቢያዩት ይሰርቁት ነበር። አንደኛውን ዞረች፣ ሁለተኛውን ዞረች፤ ከሁሉ ፈጥናለች ሲሉ ሰማሁ። ሦስተኛው በርሜል ያለው እኔ የቆምኩበት ጋ ነው። እዚያ ስትደርስ፣ አባዬ፣ እልል አልኩ። እርስዎ ሜዳው ላይ ሲጋልቡ እናቴ እንደምትለው፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። የእኛ አገር ፈረስ እልልታ ሲሰማ ይብስበታል እንጂ አይደነግጥም። ይኼ ግን ከተወለደ ሰምቶት አያውቅም።

ወደ ጎን ዘለለ። ለመዞር አዘንብሎ ስለነበር እግሩ ከሥሩ ከዳው። በርሜሉ ላይ ወድቆ እሷ ላይ ተገለበጠ። የዳሌዋ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት፤ የደረቀ እንጨት ነው የሚመስለው። ልነሳ ብሎ ሲፈራገጥ ደግሞ በኮቴው ጭኗን ደቆሰው። እሱም ሲቆም አንድ የፊት እግሩ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ በሦስት እግሩ እየዘለለ ደሙን አሸዋው ላይ ረጨው። አኒካ ልጄ ላይ ተደፍታ ስለነበር ልጓሙን እኔ ያዝኩ። ሰው እንዳያይ ሸራ ዘረጉ። የእንስሳት ሐኪሙ ዞር በይ አለኝ፤ አልዞርኩም። ቦራው ላይ ተኮሰው። ደሙ ፊቴ ላይ ፈነጠቀ፤ ልጓሙን አልለቅ ብዬ አብሬው ወደቅሁ።

ጠያቂ አልጠፋም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው «የዓይን ነገር ነው» አሉ። ሙሉመቤት «ምነው ኳስ ብትጫወት ኖሮ» አለች። አኒካ «አሸዋው ረጥቦ ነው» አለች። ሰው ሁሉ እየጮኸ ስለነበር የኔን ድምፅ የለየ የለም። እኔም ለሁሉም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሳሌም ግን ማንንም አትሰማም። «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ቀድሜ ኮርኩሬው ነው» ትላለች። ስልኬን ወስዳ ቀን ከሌት የቀረጽኩትን ታያለች። «የአጥንቴን ድምፅ መስማት አልፈልግም» ብላ ድምፁን ዘግታዋለች። እጇን ታያለች፣ ተረከዟን ታያለች፣ ጥፋቷን ትፈልጋለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትፈልግ አያለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ዋልኩ፣ አባዬ። እናት ነኝ ብዬ።

ዛሬ ጠዋት በብሎን የታሰረውን ጭኗን በቡጢ ትመታው ጀመር። ልትይዛት የመጣችውን ነርስ ገፍትራ ከግድግዳ ጋር አላተመቻት። ሲያረጋጓት ስልኩን መልሳ አነሳች። «እይ እማ፣ እዚህ ጋ ነው የገደልኩት» አለችኝ።

ጣቴን ሰድጄ ድምፁን ከፈትኩት።

እልልታዬ ክፍሉን ሞላው። ፈረሱ ሲዘል አብረን አየን። ራሷ ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ በአማርኛ «ውጪልኝ» አለች።

ይህን የምጽፍልዎ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። እስካሁን ስድስት ጊዜ ከፈተችው፤ ስድስቴም እልልታዬን ሰማሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ወንድይራድ ሐሙስ ወደ አገር ስለሚበር ደብዳቤውን ከዓይን ጠብታዎ ጋር ያደርስልዎታል። እኔን ለመመረቅ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ይቆጡኝ። እሷን ግን ይመርቁልኝ፤ እግሯን ያጽናላት ይበሉ። እርስዎንም ፈጣሪ በሰላም ያቆይልኝ።

አሁን የስልኩ ድምፅ ዝም አለ። ልግባ፣ አባዬ። ብትመታኝም ልግባ።

ልጅዎ ብርቅአየሁ