የሰው መኪና መሪ ይዤ የተነሣሁት ፎቶ

አሶሳ፣ ኅዳር 12

መኪና የማጥብበት የመኪና መሸጫ ግቢ ባለቤት ባለፈው ሳምንት የአንዱን ፒካፕ መሪ አስይዞ ፎቶ አነሣኝ። «ወርቅ ቆፋሪ የሚገዛው ራሱን የሚመስል ሰው ሲነዳ ሲያይ ነው፤ የአንተን ፊት ደግሞ ፀሐይ በልቶታል» ብሎ ሣቀ። ከሥሩም «ትናንት በእግሩ፣ ዛሬ በመኪናው» ብሎ ጽፎ ማስታወቂያ አድርጎ በስልክ ለቀቀው።

ዛሬ አባቴ ከወሎ ደወለ። ፎቶውን ጎረቤት አሳይቶታል።

«ኮራሁብህ ልጄ! ሽማግሌ ልኬ የሰፈራችንን ልጅ ዘሪቱን ለጋብቻ ጠይቄልሃለሁ፤ አባቷም መኪናውን አይቶ እሺ አለ።»

«አባዬ፣ መኪናው እኮ…»

«ለጥምቀት ይዘኸው ና!»

ከኋላው እናቴ እልል ስትል ሰማሁ፤ እውነቱን ሳልነግረው ስልኩን ዘጋሁ።

ፎቶውን አይቶ የመጣ አንድም ቆፋሪ የለም። ያመነው አባቴ ብቻ ነው። ነገ እውነቱን ልነግረው ይገባል፤ በሽማግሌዎቹ ፊት ምን ብሎ እንደሚቆም ግን አላውቅም።