የሰማያዊው ቦርሳ ማንገቻ

ይድረስ ለእታለም፣ ሳንጃ

አሰላሙ ዐለይኪ እታለም። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ሙቀቱስ ፋታ ሰጠሽ? ሰሊጡ ገባ ወይስ ገና ሜዳ ላይ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከጎንደር ብርድ በቀር ክፉ ነገር የለብኝም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጠርገሽ ስላዘጋጀሽልኝ የጓሮ ክፍል አላህ ይስጥልኝ፤ መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ ይህችን ወረቀት ሰሊጥ ሊጭን ለሚመጣው ሾፌር ለወንድምአገኝ ሰጥቼዋለሁ። ባልሽ ፊት ግን እንዳታነቢያት። እየሳቀ ገበያውን ሁሉ ያዳርሳታል።

ያለፈው ጁምዓ እኔን ከባሌ ከሷሊሕ ሊያስታርቁ ሽማግሌዎች ቤቴ ገቡ። ምን አጣላችሁ በይኝ። ቦርሳ!

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ማራኪ ሰፈር የማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ሁለት ቀን ስልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። አሰልጣኟ ትዕግስት የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። እሳት ቢነሳ፣ ጎርፍ ቢመጣ፣ ወይ ድንገት ቤት ልቀቁ ብትባሉ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ ብላ ጠየቀችን። አንዷ መምህርት «ቴሌቪዥኔን» አለችና አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። የስፌት ሱቁ በተቃጠለ ጊዜ ሷሊሕ ይዞ የወጣው የልብስ መቀሱን ብቻ ነው፤ ሦስቱ የስፌት ማኪናዎች እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጽፌልሻለሁ። ሰባት ወር ሙሉ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ምሳ ቀርቧል ስለው «እሺ»፣ እንግዳ መጣ ስለው «እሺ»፣ ታመምሁ ብለውም «እሺ»። መርፌ በእጁ አልነካም። እሺ ብቻ ከሚል ሰው ጋር መኖር ብቻዬን ከመኖር በምን ይሻላል ብዬሽ አልነበር?

ብቻ ትዕግስት ዝርዝሩን ሰጠችን፤ ለአንድ ሰው የሦስት ቀን። ውሃ፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ቅያሪ ልብስ፣ ኩባያ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰነድ። ፊሽካም አለበት፤ ፍርስራሽ ሥር ብትቀሪ ድረሱልኝ ማለቻ ነው። ልገዛ ብሄድ ባለሱቁ «ዳኛ ሆንሽ እንዴ?» አለኝ። ለሠርጌ የገዛሽልኝን ሰማያዊ ቦርሳ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ማንገቻው ከሥሩ ተበጥሷል፤ ግድ የለም፣ በእጄ እይዘዋለሁ አልሁ። የኒካሕ ወረቀቴን ላዩ ላይ አድርጌ፣ «ከበሩ አይራቅ» ስለተባለ ከበሩ ጀርባ አስቀመጥሁት። ሷሊሕ አየው። ምንድን ነው አላለኝም፤ እኔም አልነገርሁትም።

ወንፊት ልትዋስ የመጣችው ጎረቤታችን ሙሚናም አየችው። ትዕግስት ለአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ያስፈልጋል ስትለን «እኔ ሙሚና አለችኝ» ልላት ምንም አልቀረኝ። ዚፑ በደንብ አልተዘጋም ነበር። የኒካሕ ወረቀት፣ ቀሚስ፣ ቆሎ፤ ከዚህ ወዲያ መንገደኛ ምን ይጎድለዋል? ወንፊቱ ሳይመለስ ወሬው ሰፈራችንን አዲስ ዓለምን አዳረሰ። ልትሄድ ነው!

እንግዲህ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኒካሓችንን ያሰሩት ሐጂ አብዱልባሲጥና አናጺው ጎረቤታችን አያ ክንዱ መጡ። እኔ እቴ፣ ስለ ሱቁ ሊያጽናኑን የመጡ መስሎኝ ሻይ አፈላሁ። አያ ክንዱ ሻዩን ሳይነኩ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አጎደለብሽ? ሸጋ ሰው አይደለም ወይ?» አሉኝ።

«ማን?» አልኋቸው።

«ኧረ ባልሽ!»

ሐጂ ወደ በሩ እያመለከቱ «ያ ቦርሳ ወዴት ነው ጉዞው?» ሲሉ ገባኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የአደጋ ጊዜ ቦርሳ መሆኑን ብነግራቸው አያ ክንዱ ጭራሽ ደነገጡ፤ «አደጋው ማነው? ሷሊሕ ነው?» አይሉኝ መሰለሽ! ሷሊሕ መሬት መሬት ያያል።

በዓይናችሁ እዩት ብዬ ቦርሳውን መሐል አምጥቼ አንድ በአንድ አወጣሁላቸው። አያ ክንዱ ፊሽካውን ቢነፉት ሙሚና ዘላ ገባች፤ ለካ በር ላይ ኖራለች። እንዲህ እየሳቅን ሐጂ ኩባያዬን አንስተው አገላበጡት።

«ይህ ቦርሳ የቤታችሁ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ።

«ታዲያ ኩባያው ምነው አንድ ሆነ?»

ዝርዝሩ ለአንድ ሰው ስለሆነ ነው አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልጣመኝ። እነሱን ሳላስተውል ነው ብዬ አለፍኋቸው፤ አንቺን ግን አልዋሽሽም።

ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ እጄን ወደ ቦርሳው መለስሁ። ታች፣ ከሳሙናው ሥር፣ እኔ ያላስቀመጥሁት ነገር አገኘሁ። ያቺ በአፌ የምስባት የአስም መድኃኒት ናት፤ አዲስ፣ ከነካርቶኗ። እኔ እንኳ ረስቻታለሁ። ቦርሳውን ሳገላብጠው ደግሞ ማንገቻው ተሰፍቷል። በእጅ፣ በወፍራም ክር፣ ድርብ ተደርጎ፤ ቢጎተት የማይላቀቅ። የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ የሷሊሕን ስፌት አለማወቅ ነው።

ይኸኔ እሱ ተናገረ። «ሳንጃ አቧራ ነው፤ ደረቷ አይችለውም። ማንገቻውም እንዲያ ሆኖ መናኸሪያ አያደርሳትም» አለ። በሰባት ወር ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይኸው ነው።

እታለም፣ ሳንጃ የሚል ቃል እኮ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ደብዳቤሽ ግን ትራሴ ሥር ነበር።

አትሂጂ አላለኝም። መንገድ ላይ እንዳልቸገር ሰፋልኝ። መርፌውን ከየት እንዳገኘ፣ መቼ ሊሰፋ እንደተቀመጠ አላየሁም፤ እኔ እሱን ማየት ትቼ ኖሮ ይሆን?

ሙሚና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ አያ ክንዱ ከሁላችን በላይ ጮክ ብለው «አሜን» አሉ። እኔ ተነስቼ ሷሊሕ ሻይ የሚጠጣበትን ጠርዙ የተላጠ ኩባያ ከመደርደሪያ አወረድሁና ከኔው ጎን ከተትሁት። ካልሲውን፣ ሹራቡን፣ መቀሱንም ጨመርሁ። ዚፑ እምቢ አለ። ሷሊሕ ቀረብ ብሎ በመዳፉ ለካውና «ይሄ ለሁለት አይበቃም፤ ከሸራ ሌላ መሰፋት አለበት» አለ። በተራዬ «እሺ» ያልሁት እኔ ነኝ።

ሸራውን የሚሰፋበት ማኪና ጓደኛው ሱቅ ውስጥ አለ፤ ጓደኛው የሱቁን ጥግ ልልቀቅልህ ካለው ሁለት ወር ሆኖታል። ሰኞ ጠዋት ሄጄ አያታለሁ ብሎኛል፤ ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። ከቤት መውጣቱ እንደሆነ ግን ገና ነው፤ በር ደርሶ ሲመለስ ስንቴ አይቼዋለሁ። ደጃፍ ላይ ቆሜ አየዋለሁ፤ ሄደም ተመለሰም፣ ወንድምአገኝ ዳግመኛ ወደ ሳንጃ ሲነሳ እውነቱን እልክልሻለሁ።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ሰሊጥሽን ከዝናብ ይጠብቅልሽ። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽ እህትሽ

የጓሮውን ክፍል ተከራይ ከመጣ አከራዪው።