ስም እስከ አያት

ዓርብ፣ ጥር 9

ሂንዳዊያ፣ ስደተኛ የሚበዛበት የዓረብ አገር ሰፈር። አሥራ አንድ ልጅ፣ አንድ ጠባብ ክፍል። ወላጆቻቸው የሰው ቤት ሠራተኞችና የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ በየዓርቡ አማርኛ አስተምራለሁ። በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ በዓረቢኛ ይመልሱልኛል። ተግባብተናል።

የዛሬው ትምህርት፦ ስምን እስከ አያት መናገር። እዚህ የተወለደ ልጅ አያቱን ከየት ያውቃል? ተራ በተራ ቆመው ተናገሩ። ለወላጆች የስልክ ግሩፕ በቪዲዮ ቀረጽኳቸው።

የሰልማ እናት ሀምዲያ ስታስመዘግባት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኡስታዝ፣ የልጄ ፊት የትም እንዳይወጣ። አባቷ መካ ነው። ካገኛት ነጥቆኝ አገር ቤት ይልካታል።» የሀምዲያ ግንባር ላይ ጠባሳ አለ። ማን እንዳደረሰባት አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ቪዲዮውን ከመልቀቄ በፊት የሰልማ ፊት ላይ ቀይ ልብ ለጠፍኩበት። በራሴ ኮራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ቪዲዮው ከግሩፑ ወጥቷል። ፀጉር አስተካካዬ ጫላ ነው ያሳየኝ፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ እያለ። «ታዋቂ ሆንክ እኮ!» አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ከማነባቸው ደራሲዎች ይህን ያህል አንባቢ ያገኘ ያለ አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ጥር 16

ልጆቹን ስሸኝ አንድ ሰው በር ላይ። የተተኮሰ ጀለቢያ፣ የቴምር ካርቶን። መካ፣ ዓዚዚያ፣ የሐጃጆች ሆቴል ውስጥ እንደሚሠራ ነገረኝ። ትሁት ነው።

«ልጄን ፈልጌ ነው፣ ኡስታዝ።»

«የቷን?»

«ፊቷን በልብ የሸፈኗትን።»

«ፊቷን ካላየህ በምን አወቅካት?»

ፈገግ አለ። «የኔንም የአባቴንም ስም ጠራችኛ።»

ሰልማ ፉአድ ሰዒድ። ፉአድ ማለት እሱ ነው። ጥርት አድርጋ ነው የተናገረችው... እንዳስተማርኳት።

«ዛሬ አልመጣችም» አልኩት። እውነት ነው፣ ጉንፋን ይዟታል። ቴምሩን ትቶልኝ ሄደ።

ሀምዲያ ጋ ደውዬ ነገርኳት። «ፊቷን ብቻ ነው ያልኩዎት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 18

ቪዲዮውን ከግሩፑ አጠፋሁት። ጫላ ስልክ ላይ ግን አለ። ማን ማን ጋ እንዳለ ማን ያውቃል?

የሀምዲያ ስልክ ዝግ። ቤቷ ሄድኩ። ጎረቤቷ ሙኒራ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ኸላስ፣ ለቀው ወጥተዋል። የት ብለህ አትጠይቀኝ።»

ዓርብ፣ ጥር 23

ፉአድ ተመልሶ መጣ። መሄዳቸውን ነገርኩት። አልተቆጣም።

«ግድ የለም፣ ኡስታዝ። ሌላ ቪዲዮ ሲለቁ አገኛታለሁ።»

ሰኞ፣ ጥር 26

ሻይ ስቀዳ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ... ፊት የሌለው ድምፅ ሦስት ስም ይቆጥርልኛል። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

የማላውቀው ቁጥር። ሀምዲያ ናት።

«ደህና ነን። ስሟን ቀይረነዋል።»

ከኋላዋ ልጅ ትስቃለች። ሳቋን አወቅኩት።

«ሰላም በይልኝ» አልኳት።

«ማንን?» አለች።

የድሮ ስሟ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«ልጅሽን» አልኩ።