ስንዱ ያላነሳችው እጅ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 9፡40

ነገሩ የተበላሸው 5፡20 ላይ ነው። ሰዓቱን ጽፌዋለሁ። የድርጅታችን ቦርድ አባልና ጸሐፊ ነኝ፣ ደቂቃ መመዝገብ ሥራዬ ነው።

ወሎ ሰፈር፣ የሆቴሉ ትንሿ አዳራሽ። ሰባታችንም አለን። በክፍያ የምትሠራ አስተርጓሚ ዛሬም እንደ ወትሮው አልተጠራችም፤ ቤዛ አለች አይደል ተባለ። ስለዚህ መጻፉም ማስተርጎሙም በእኔ ላይ። ስንዱ አታይም፣ አትሰማም። ጣቶቿን እጄ ላይ አሳርፋ ምልክቴን በመዳሰስ ታነባለች። እጄ ከቆመ ዓለም ይቆማል።

ሰብሳቢው አቶ ፍቅሩ አጀንዳ ላይ የሌለ ሐሳብ አመጡ። በአስተርጓሚ የሚከታተል አባል «የክብር አባል» ይሁን። ይምጣ፣ ይቀመጥ፣ ድምፅ ግን አይስጥ። የአንድ ሰዓት ስብሰባ ሦስት ሰዓት እየፈጀ ነው አሉ። እንዲህ ያለ አባል አንድ ብቻ ነው ያለን። ድርጅቱን ከመሠረቱት ሦስት ዓይነ ስውርና መስማት የተሳናቸው ሰዎች መካከል ቦርዱ ላይ የቀረችው፣ ስንዱ።

ውሳኔውን በቃል ሲያጽፉኝ እጄን ከጣቶቿ ሥር አወጣሁ። ከዚያ በፊት «ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። የምትደግፉ አሉ። አምስት እጅ ወጣ። ደንብ ለመቀየር ስድስት ያስፈልጋል። ከስንዱ ጎን የተቀመጡት ወ/ሮ አስካለ ክንዷን ያዙና ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሱት።

ስንዱ ፈገግ አለች። ስድስት ተቆጠረ።

ቆሜ ተቃወምኩ። አልፈናል፣ ቀጣዩን አጀንዳ ጻፊ ተባልኩ።


እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 8፡00

ገርጂ፣ የስንዱ እህት ቤት። ሁሉንም ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ሳልዘል። እጆቿ እጄ ላይ ደረቁ።

ያን ጊዜ ምን እንደመሰላት ጠየቅኳት። «ሻይ የምትፈልጉ እጅ አውጡ የተባለ መሰለኝ» አለችኝ። ሻዩ ሲዘገይ ደግሞ ሆቴሉን ታዝባ ነበር። ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ። በገዛ እጇ ነው ያስወጧት፣ ደብተሬ። እሷ ሻይ እየጠበቀች።

ቆየት ብላ እጆቿን ከእጄ ላይ አነሳች። ለሷ ይህ በሩን ዘግቶ እንደ መሄድ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

ቃለ ጉባኤውን ለአቶ ፍቅሩ የላክሁት እንደሆነው ነው፦ ጥያቄው ለስንዱ አልተነገራትም፣ እጇ በሌላ ሰው ተነሥቷል፣ ትክክለኛው ድምፅ አምስት። ጠዋት በቴሌግራም ተመልሶ መጣ። ያ አንቀጽ የለም። «በስድስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ።» ከሥሩ ስሜ፣ ለፊርማ ክፍት ቦታ።

ድምፀ ተአቅቦዋ እኔ ነኝ። መቃወሜ እንኳ አልተጻፈም።

ወ/ሮ አስካለ ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ የሁሉም ተነሥቶ የሷ ብቻ ሲቀር አሳዘነችኝ እኮ።» ይህን ይጻፉልኝ አልኳቸው። አቶ ፍቅሩን ማስቀየም አልችልም አሉ። ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸው ግን አንገሸገሸኝ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። 11፡15

ቦሌ፣ አቶ ፍቅሩ ቢሮ። ውሃ አቀረቡልኝ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን አደነቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደኋላ ገፋ አደረጉና፦

«ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰማነው እሷን ነው ወይስ አንቺን?»

በምን አውቀን ነው አሉ። እሷ በእጇ ምልክት ትሰጣለች፣ አንቺ ትናገሪያለሽ። ቅዳሜ ሌላ አስተርጓሚ ይምጣና ይጣራ። ይምጣ አልኩ። ድምፄ ጠንካራ ነበር።

ከዚያ ወጥቼ እስከ ወሎ ሰፈር በእግሬ። ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ መቀመጥ አቃተኝ።

ለአንቺ አልዋሽም፣ ደብተሬ። ለስንዱ አሳጥሬባታለሁ። ሃያ ደቂቃ የተከራከሩበትን «ስለ ኪራይ እያወሩ ነው» ብዬ አልፌያለሁ። ሲስቁ «ቀልድ ነው» እላታለሁ፤ ቀልዱን አልነግራትም። ጣቴ ይደክማል። አቶ ፍቅሩ ይህን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ለምን እንደ ሌባ እንደምደነግጥ አሁን ገባኝ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። 7፡30

ያው አዳራሽ። እኔ የጠረጴዛው ጫፍ፣ ስንዱን እንዳልነካ ታዝዤ። አስተርጓሚዋ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር ረጋ ያለች ሴት፣ አቶ ፍቅሩ ያመጧት። ቤዛ በትክክል ታስተረጉምልሻለች ወይ ብለው አስጠየቋት።

የስንዱ እጆች ብዙ አልቆዩም። አስተማሪዋ ጮክ ብላ ተረጎመች፦

«ቤዛ ታሳጥራለች። ሲደክማት ከጣቷ አውቃለሁ። ስታሳጥር ግን ቆይ ትለኛለች። ያን ቀን እጄን ያነሳው ሰው ቆይ እንኳ አላለኝም። ያ ድምፅ የኔ አይደለም፣ መልሱልኝ።»

ወ/ሮ አስካለ ቦርሳቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ።

አቶ ፍቅሩ አመሰገኗት። ከዚያ ከተናገረችው ሁሉ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንስተው አጻፉ፦ ጸሐፊዋ እንደምታሳጥር ተረጋግጧል። ከጸሐፊነቴና ከማስተርጎም እንድታገድ ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለአንድ። ስንዱ አልተጠየቀችም። የክብር አባል ናት።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጠዋት 1፡30

የቦርዱ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ይቅርታ ከጠየቅሁና የጥቅምት 8ቱን ቃለ ጉባኤ ከፈረምኩ በአባልነት እቀጥላለሁ። ለስንዱ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና የምስክር ወረቀት። ከነፍሬሙ።

እናቴ ፈርሚና ተገላገይ ትላለች። ደመወዝ ለሌለው ነገር ፊቴ መጥቆሩ አልገባትም። እኔስ ቢሆን ደክሞኛል። እናሸንፋለን ብዬ አላምንም፤ ጠቅላላ ጉባኤው ውስጥ የአቶ ፍቅሩ ሰው ይበዛል።

ግን ትናንት ከሥራ ስወጣ ገርጂ፣ ስንዱ ጋ ሄድኩ። ለጠቅላላ ጉባኤው አቤቱታ መጻፍ ጀመርን። እሷ በእጇ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ መልሼ እጇ ላይ አነብላታለሁ። «አሳዛኝ በደል» የሚለውን አስጠፋችኝ። ማንንም አላሳዝንም፣ የምንጠይቀውን ብቻ ጻፊ አለች። ግማሽ ገጽ፣ ሁለት ሰዓት። አንዲት ቃል አልዘለልኩም።

አልፈርምም። ይቅርታ የምጠይቀው ስንዱን ነው፣ እሷንም ጠይቄያለሁ። ከቦርዱም በገዛ ፈቃዴ አልወጣም፤ ከፈለጉ ይጎትቱኝ።

ከእንግዲህ የማልቀበለው ይህን ነው፦ እሷ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ስለሷ ያለሷ መወሰንን። በወ/ሮ አስካለ ደግነትም ቢሆን። በእኔ ድካምም ቢሆን።