«የማን ልጅ ነው?» ላሉኝ መልስ

ይድረስ ለክብርት እኅቴ ለእትዬ ፈትለወርቅ፣
ደሴ።

ከሁሉ አስቀድሜ ከልብ የመነጨ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ያ የጉልበትዎ ሕመም በብርዱ አልተነሣብዎትም? የጋሼ ገረመው ዓይንስ ከሕክምናው ወዲህ ፊደል ይለያል? በልጉስ እንዴት ጀመረ? እኛ፣ እኔም ባለቤቴ ፀሐይወርቅም፣ እርስዎ ያሳደጓት ልጃችን ትግስትም፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነን። ደኅንነት ብቻም አይደለም፤ ቤታችን ሰሞኑን በደስታ ተሞልቷል።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ፣ ትግስት ስለ ወደደችው ልጅ ሌላውን ሁሉ ትተው «የማን ልጅ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ጡት ከጣለችበት ጀምሮ ነፍስ እስክታውቅ ድረስ ያሳደጓት እርስዎ ነዎትና፣ እርስዎ የማያውቁት ቤት ልትዳር አይገባትም። ልጁ ሳሙኤል ይባላል፤ የጋና ሰው ነው፤ የከተማው ባቡር በሚጠገንበት ቦታ መካኒክ ነው። ስለ ሃይማኖቱ አስቀድሜ አነጋግሬዋለሁ። ካህን ከቶሮንቶ ሲመጡ ሊጠመቅ በፈቃዱ ተስማምቷል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ጸሎተ ሃይማኖትን እኔው አስጠናዋለሁ። አንድ ቃል በሳተ ቁጥር ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ፤ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም።

ስለ አባቱ ግን የማውቀው በአገራቸው የፓርላማ አባል እንደ ነበሩ ብቻ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ይህ አላስደሰተኝም። ወንበር የለመደ ሰው ዝቅ ማለት ይቸግረዋል፤ በእንዲህ ያለ ሰው ቤት ምራት መሆንም ቀላል አይደለም።

ያለፈው እሑድ የልጁ አባት አቶ ኦፖኩ ሽማግሌ ይዘው ፓይንሪጅ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን መጡ። በእነርሱም አገር አባት ስለ ልጁ ራሱ አይናገርም፤ አፍ የሚሆንለት ሌላ ሰው ነው። ይህን ስሰማ ልቤ ትንሽ ለዘብ አለ። አፍ ሆነው የመጡት አቶ መንሳህ የሚባሉ ሳቂታ ሰው ናቸው። በእኔ በኩል፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ጠንቅቀው የተማሩት የአሥመራው ሰው አቶ ተስፋጋብር አስተርጓሚም ሽማግሌም ሆኑልኝ። እኔም ሳልዘገይ የእርስዎን ጥያቄ አቀረብሁ፤ «አባትዬው እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» አልሁ።

አቶ መንሳህም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። አቶ ኦፖኩ ቸኮላት የሚሠራበትን የካካዎን ፍሬ በሚያመርት አገር አስተማሪ ነበሩ። ገበሬው መርጦ ፓርላማ ላካቸው። እዚያም እንደ ገቡ ነጋዴዎች ገበሬውን የሚያጭበረብሩበትን ሚዛን ከአገራቸው ድረስ አምጥተው፣ ወደ አዳራሹ ማስገባት ቢከለከሉ ደጃፉ ላይ ተክለው፣ በሚወጣ በሚገባው ባለሥልጣን ፊት አንድ ጆንያ ካካዎ መዘኑ። የሚዛኑ ባለቤት የገዛ ፓርቲያቸው ሰው ስለ ነበር ከዚያ ቀን በኋላ ወዳጆቻቸው ሰላምታ ነሷቸው። ቀጥሎ ወታደሮች መጥተው ፓርላማውን ዘጉት፤ እርሳቸውንም አሰሯቸው። ይህን ለእርስዎ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከዓመታት በኋላ ፓርላማው ሲከፈት እንደ ገና ተወዳደሩና በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። ደጋፊዎቻቸው «ተሰርቀናል» ብለው ገጀራ ይዘው ወጡ። እርሳቸው ግን ከፊታቸው ቀድመው ወደ አሸናፊው ቤት በእግራቸው ሄዱና፣ ሁሉ እያየ እጁን ጨብጠው «አገሩን አደራ» አሉት። ገጀራው ሁሉ ወደ ሰገባው ተመለሰ።

እኔም «ያ አሸናፊ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። አቶ መንሳህ ደረታቸውን መታ አድርገው «እኔ ነኛ!» አሉ። ወታደሮቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አቶ መንሳህን ካካዎ በሚደርቅበት ጎተራ የሸሸጓቸው አቶ ኦፖኩ ነበሩ። አብረውም ተሰደዱ። አቶ ኦፖኩም ጣልቃ ገብተው «ያ ቆጠራ ግን ዛሬም አልተዋጠልኝም» ቢሉ፣ አቶ መንሳህ «ዝም በል፤ ዛሬ አፍህ እኔ ነኝ!» ብለው ገሠጿቸው። አቶ ተስፋጋብር ሳቃቸው መተርጎሙን አስተጓጎለባቸው።

እኔ ግን አልሳቅሁም። የተዋጣለት ተናጋሪ የፈለገውን ሊያሳምር ይችላል ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ እንደ ወጋችን «እንመካከርበታለን፤ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ» አልሁ። አቶ ኦፖኩ ይህን ሲሰሙ ቀስ ብለው ተነሡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጅዎን አሳምረው አሳድገዋል፤ ከእኛ ለሚሻል ሰው ድረው ደስ ይበልዎ። የእኔን ልጅ እኔ አጽናናዋለሁ» አሉና ለፀሐይወርቅ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነስተው ወጡ። እኔም ግራ ገብቶኝ ቆምሁ። አቶ ተስፋጋብር ግን «አቶ ወልደየስ፣ ሰውዬው እኮ ተከለከልሁ ብለው ነው የሄዱት! ቀጠሮ የእሺታ መንገድ መሆኑን ማን ይንገራቸው?» ብለው ጮኹ።

እትዬ፣ ሰው ሁሉ በድል ቀን መልካም ነው፤ ባሕርዩ የሚታየው እምቢ ሲባል ነው። የተነገረኝን ታሪክ በገዛ ሳሎኔ በዓይኔ አየሁት። ነጠላዬን እንደ ደረብሁ፣ ጫማ ሳላደርግ፣ በካልሲ በረዶው ላይ ሮጥሁ። መኪናቸው ሊነሣ ሲል ደረስሁና መስተዋቱን እየመታሁ፣ ከማውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ «የስ! የስ!» እያልሁ ጮኽሁ። ጎረቤት ሁሉ መጋረጃ ገልጦ አየኝ፤ አላፈርሁም። አቶ ኦፖኩ ወርደው ሲያቅፉኝ አቶ መንሳህ ከኋላ «በመጨረሻ አሸነፍህ፤ በአንድ ድምፅ!» ይሏቸው ነበር። ትግስት በደረጃው ላይ ታለቅሳለች፤ ፀሐይወርቅ ትስቃለች፤ አቶ ተስፋጋብር ጫማዬን ይዘው ይከተሉኛል።

የሰጠሁት ቃል ግን ግማሹ ነው። «ሌላው ግማሽ ደሴ ነው» ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እነርሱም አክብረው ተቀብለውታል። እርስዎ ከፈቀዱ ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሆናል።

ለጋሼ ገረመው የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ልጅዎን ሀይሌን በትምህርቱ እንዲበረታ፣ ጫት ቤትም ገባ ሲባል እንዳልሰማ ብያለሁ ይበሉልኝ። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ዓይሻና ለልጃቸው ለኑሩ እንዴት ናችሁ ብያለሁ። ትግስት ጉልበትዎን ስማ ደጅ ደጁን እያየች መልስዎን ትጠብቃለች። እምቢ ቢሉ አቶ ኦፖኩ በክብር እጅ ይነሣሉ፤ መሸነፍን ያውቁበታል። ወንድምዎ ግን ይህን ትምህርት ገና አልተማርሁምና፣ እትዬ፣ እሺ ይበሉን።

ታናሽ ወንድምዎ ወልደየስ
ካልጋሪ፣ ካናዳ
የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.