የባለ ላባው ዳይኖሰር አንድ ዓይን

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣ ለአቶ ላቀው፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እኛ ሰሞኑን ያጣነው ዓይነት ይሁንልዎ እያልሁ፣ ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን ወሬ ላርም። በጓዳዬ ላባ ያለው አውሬ አስሬ ደም እያጠጣሁ አኖራለሁ መባሉ ሐሰት ነው። ያለችኝ አንገቷ የተመለጠ አንዲት ዶሮ ስትሆን፣ የምትጠጣውም ውሃ ነው። የሥዕል መምህራችን ዮርዳኖስ ወደ ቤቴ ስትመላለስ የታየችው፣ ላባ ከክንፍ ላይ እንዴት እንደሚደራረብ ከዚህችው ዶሮ ልታጠና ነው።

ይህ ደብዳቤ ከእርስዎ ሌላ አንባቢ ቢያገኝ እንዲረዳው ያህል፣ መምህርቷ በእርስዎ ፈቃድ በቤተ ሙከራው የውጭ ግድግዳ ላይ ቁመቱ ከውሻ የማይበልጥ፣ ከምድር ከጠፋ ዘመናት ያለፉት አንድ ዳይኖሰር ሥላለች። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚያልፉ መንገደኞች እንኳ ወርደው አይተውታል። ላባ ያለበሰችው ከራሷ አይደለም፤ የላባው አሻራ ከአጥንቱ ጋር በድንጋይ ላይ ታትሞ ተገኝቷል። ቀለሙ ግን ግምት መሆኑን ራሷ ከሥሩ ጽፋለች። እኔም ዕድሜዬን ሳይንስ ሳስተምር የኖርሁ ነኝና ወዲያው አላመሰገንኋትም፤ መዳፎቹን ወደ መሬት ደፍታቸው ስለነበር አስፍቄ፣ እንደሚያጨበጭብ ሰው እጅ እንዲተያዩ አስደርጌአታለሁ።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ ሥዕሉ በጎን የተሣለ ነው፤ የላባው አወጣጥ፣ የጅራቱ ርዝመትና የእግሩ አጣጠፍ አንድ ላይ የሚታየው በጎን ነውና። በጎን የቆመ እንስሳ ደግሞ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ከሃዲ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ሁላችንም ከልጅነታችን እያየን አድገናል። ስለዚህ ሕዝቡ ሥዕሉን አይቶ ሰይጣን ነው ቢል አልፈርድበትም። በረዶ የከተማችንን የማንኩሳን በርበሬ በመታ ማግስት፣ ያመጣው ይህ ነው ሲባልም፣ ማሳው የወደመበት ሰው ምክንያት መፈለጉ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ነገሩን በጥቂት ቃላት ማስረዳት የሚችሉት እርስዎ፣ በወላጆች ስብሰባ ተነሥተው ሥዕሉን አይተውት እንደማያውቁ መናገርዎ ነው። የገዛ ዓይንዎን እስከመካድ ለደረሰው ትሕትናዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ከስብሰባው በኋላ የሥዕሉ ዓይን በጩቤ ተፍቆ ወጣ፤ እርስዎም ማን ፋቀው ብለው አልጠየቁም። ቀጥሎ መምህርቷ በተከራየችው ክፍል በር ላይ አንድ ዓይን በከሰል ተሥሎ አደረ፤ አከራይዋም ዕቃዋን ደጅ አወጡት። አሁን ከእኔ ጋር ናት። ጎረቤቴ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ሥዕሉን ሄደው አይተው፣ የቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ሥርዓት ለትምህርት ቤት ግድግዳ እንዳልተሠራ ለሰዉ ሲያስረዱ ሰነበቱ። ትናንት ግን ከአጥሬ ሥር ቆመው፣ «እትዬ እንቁ፣ የግድግዳው ዓይን ወጥቷል። ቀጥሎ የማን ነው?» አሉኝ። እኔም ጥያቄያቸውን ወደሚመለከተው ክፍል፣ ወደ እርስዎ፣ አስተላልፌአለሁ።

ሦስተኛ፦ ዛሬ ጠዋት ዓይኑ በእኔ በር ላይ ነበር።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። መምህርቷ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ላባውን በገዛ እጇ ፍቃ እንሽላሊት እንድታስመስለው፣ እምቢ ካለችም ከሥራ እንደምትሰናበት ሲያዝዙ፣ ይህ ሁሉ ለደኅንነቷ መሆኑን ማከልዎን አልዘነጉም። ከቤተ ሙከራው ጥግ ድንጋይ ተከምሮ አይቻለሁ፤ በግቢው ግንባታ እንደሌለ ደግሞ አውቃለሁ። ደኅንነቷን በአደራ የሰጡት ለየትኛው ወገን እንደሆነ ቢያስታውቁን ደስ ይለናል። እሷ በበኩሏ፣ በድንጋይ ላይ የታየውን አልታየም ብዬ አልሥልም ብላለች።

ስለዚህ ነገ የማደርገውን አስቀድሜ ላሳውቅዎ። በመጀመሪያ ለዶሮዬ ውሃ እሰጣለሁ። ቀጥዬ ከምድጃዬ ከሰል አንሥቼ፣ በበሬ ላይ ያለውን ዓይን ሳልፍቅ፣ ሁለተኛውን ከጎኑ እሥልለታለሁ። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ፣ በርጩማዬን ይዤ፣ ሕዝቡ ሳይደርስ በድንጋዩ ክምርና በሥዕሉ መካከል እቀመጣለሁ። መምህርቷ ከአጠገቤ ትሆናለች፤ መሪጌታም ከቅዳሴ ሲወጡ ይቀላቀሉናል። ለእርስዎም ቦታ እንይዝልዎታለን።

በልጅነትዎ የጥፍርዎን ንጽሕና ስትመረምር የኖረችው፣ ዛሬም ከእጅዎ ላይ ዓይኗን ያላነሣችው አክባሪዎ፣

እንቁ ዘሚካኤል

ማስታወሻ፦ ሥዕሉ በተመረቀ ዕለት ከአጠገቡ ቆመው የተነሡትን፣ በኋላም ከፌስቡክ ገጽዎ ያጠፉትን ፎቶግራፍ መምህርቷ አስቀምጣዋለች። እስካሁን ለማንም አላሳየንም። ሥዕሉን ሲያደንቁ በጎን ስለቆሙ የሚታየው አንድ ዓይንዎ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ሰሞኑን እንዲህ ያለውን እንዴት እንደሚያነበው ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።