ስለ ዐሥሩ ሰከንድ፦ ለመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር

ኖቬምበር 24 ቀን 2025፣ ቶሮንቶ

ለተከበሩ አቶ ገብረእግዚአብሔር
የዳንዳስ ምሥራቅ መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ብርዱ በጉልበትዎ ላይ እንዳይጠናብዎ፣ ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር ሲጠብቁ ንፋስ እንዳያገኝዎ፣ በሚመሩት ስብሰባ ሁሉ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላልዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ትዕግሥት ስለማያልቅበት ስለ እኔ አይጨነቁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትም ሌሎች አባላት ከጥንቃቄዎ ይማሩ ዘንድ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። ነፍሱን ይማረውና አቶ ኢዮብ፣ ወደዚህ ከተማ የገባ ወገን ሁሉ በመጣበት ሳምንት የሰጠውን ቃል፣ ማን የማን ወንድም ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ራሱ በሠራው የዊንዶውስ ፕሮግራም ከነፎቶግራፉ መዝግቦ አልፏል። ወይዘሮ ቦጋለችም በ1991 ስትገባ ኤልያስ የሚባል ታናሽ ወንድሟ ሱዳን እንደቀረ ለአቶ ኢዮብ ተናግራለች። ባልም ልጅም የሌላት ይህች ሴት አሁን ወንድሟን ለማምጣት አመልክታለች። እሱ ጦርነቱ ከካርቱም አባርሮት ገዳሪፍ በሰው ቤት ተጠግቶ ይገኛል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ዝምድናቸውን የሚያሳይ የቆየ ማስረጃ እስከ ኖቬምበር 28 እንድታቀርብ ጽፎላታል። ማስረጃው ከአቶ ኢዮብ መዝገብ በቀር የትም የለም። አራት ቀን ቀርቷል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ዊንዶውሱ ስላረጀ ሊኑክስ ወደሚባለው ሌላ የኮምፒዩተር ሥርዓት እንዲዛወር በአንድ ቀን ስብሰባ ስለወሰናችሁ አመሰግናለሁ። የአቶ ኢዮብ ፕሮግራም በሊኑክስ ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው በቃለ ጉባኤው ላይ አላገኘሁም፤ ይህም የስብሰባውን ፍጥነት ያሳያል። ሊኑክስ ዊንዶውስን በውስጡ አስተናግዶ ፕሮግራሙን እንዲያሠራ ከርነል በሚባለው እምብርቱ ላይ ሞጁል የምትባል ትንሽ ክፍል መጨመር ያስፈልጋል። ሞጁሏን አግኝቼ አዘጋጀኋት። ኮምፒዩተሩ አላስገባትም። ለእርስዎ ባመለክት “አጥፍተው ያብሩት” የሚል ምክር ሰጡኝ። ዐሥራ አንድ ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ እያንዳንዱን በደብተሬ ከነሰዓቱ መዝግቤዋለሁ።

2ኛ. ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ ችግሩን ፈለግኩ። የሞጁሏና የከርነሉ እትም ይስማማል። ፋይሉም አልተበላሸም። የቀረው ፊርማ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የፈራሚውን ማንነት ስላላወቀ እንደ ደንበኛ ዘበኛ በር ላይ መለሳት። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፊርማው እንዲመዘገብ አመልክቶ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ነው። ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ዐሥር ሰከንድ ይጠብቃል፤ በዚያ ውስጥ አንድ ሰው ከኪቦርዱ ያገኘውን ፊደል ከተጫነ የምሥጢር ቃል ይጠይቀዋል፤ ማንም ካልነካው ማመልከቻውን ጥሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይጀምራል።

3ኛ. የምሥጢር ቃሉን እንደ ሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ ለሦስት ከፍላችሁ እርስዎ፣ ጸሐፊው አቶ በርናባስና የቁጥጥር ኮሚቴው ሐጂ ዙበይር እንድትይዙት፣ ከእንግዲህ ሦስታችሁም ሳትገኙ ማንም ኮምፒዩተሩን እንዳያስነሣ፣ መዝገቡም ከሕንፃው እንዳይወጣ የተወሰነው የሰው ምሥጢር እንዲጠበቅ ነው። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ዛሬም አልጸጸትም። ቃሉ ሲጻፍ ሌላ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዲያዞር የሚለውንም እስከ ዛሬ አክብሬዋለሁ።

4ኛ. ስለዚህ በኖቬምበር 4፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰከንዱን ጮክ ብዬ ስቆጥር ከኋላዬ የሰማሁትን እነሆ። ሐጂ ዙበይር “ሊቀ መንበሩ እያሉ እኔ? አይሆንም” አሉ። እርስዎ “በዕድሜ የሚቀድሙት ሐጂ ናቸው” አሉ። አቶ በርናባስ “እኔማ የሁላችሁም ታናሽ ነኝ” አሉ። እኔ ዐሥር አልኩ።

በኖቬምበር 11 የሚጀምሩት እርስዎ እንዲሆኑ አስቀድመን ተስማማን። ግን ወንበሩ አንድ ሆነ። ሐጂ ቆመው እርስዎ መቀመጥን ስለተጸየፉ ወንበሩን ለእሳቸው ሰጡ፤ እሳቸው መለሱ፤ እርስዎ በእግዜር ስም ለመኑ። ዐሥር ሰከንድ ለወንበር አይበቃም።

በኖቬምበር 18 ወንበሩን አወጣሁት፤ ቃሉ እስኪጠየቅም ፊቴን አላዞርኩም። አቶ በርናባስ ተለምነው ቀረቡ፣ ጣታቸውን አነሡ፣ ዞር ብለውም “ልንካው?” ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ሁለታችሁም በአንድ ድምፅ “ኧረ ይንኩት፣ ምን ገዶዎት!” አላችሁ። መልካም አስተዳደግ ማለት ይህ ነው። በዚያ መካከል ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ የዘወትር ገጹን አሳየን። ኮሪደሩ ውስጥ ማስረጃዋን ስትጠብቅ የነበረችው ወይዘሮ ቦጋለች በበሩ ስንጥቅ ስታያችሁ ቆይታ፣ “መምህር፣ እነዚህ ሰዎች እሳት ቢነሣም ከቤት የሚወጡት እንዲህ ነው?” አለችኝ።

5ኛ. በመጨረሻም፣ ማን ቀድሞ እንደሚነካ በጠቅላላ ጉባኤ እንዲወሰን አጀንዳ አድርገው ስለያዙት አመሰግናለሁ። ጉባኤው በዲሴምበር 7 ነው። የወይዘሮ ቦጋለች ቀነ ገደብ ካለፈ ዘጠነኛው ቀን ላይ መሆኑ ነው። አዲስ ሊኑክስ በመጣ ቁጥር ሞጁሏ እንደገና ብትዘጋጅም ፊርማው አንዴ ከተመዘገበ ይበቃል፤ ከእናንተ የምፈልገው የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሳይሆን አንድ ጣት ነው።

ስለዚህ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ሦስታችሁም በጽሕፈት ቤቱ እንድትገኙ በትሕትና እለምናለሁ። መጀመሪያ የሚነካው ማንም ይሁን፣ የሌሎቻችሁ ክብር እንደማይቀንስ በፊዚክስም በሥነ ምግባርም ላረጋግጥላችሁ እችላለሁ።

በመቀመጫም በመንገድም፣ በበርም በደረጃም ሁልጊዜ እርስዎን የማስቀድም፣

አክባሪዎ
ሰብስቤ ዘውዴ
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር

ማስታወሻ፦ በኢሚግሬሽን ቅጹ መጨረሻ ላይ፣ የተጠየቀው ማስረጃ ካልቀረበ ምክንያቱ የሚጻፍበት ባዶ መስመር አለ። ወይዘሮ ቦጋለች ሙላልኝ ስላለችኝ የሦስታችሁን ስም ከነማዕረጋችሁ ጽፌበታለሁ፤ ማን ይቅደም ብዬ እንዳልቸገርም በፊደል ተራ አስቀምጫችኋለሁ። ለጊዜው የጻፍኩት በእርሳስ ነው። ሐሙስ ማታ፣ ወይ ላጲስ አነሣለሁ፣ ወይ እስክሪብቶ።